የኮሌስትሮልና የድብርት መድኃኒት አብረው ይወሰዳሉ? የክሊኒካል ፋርማሲ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ማታ ማታ፣ ለደም ግፊት አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት፣ እንዲሁም በቀን አንድ አስፒሪን ትወስዳለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ እምቢ አለች፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳን ተወች። ሐኪም ድብርት ነው ብሎ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም አዘዘላት። ከጀመረች ሁለተኛ ወሯ ሲሆን ስሜቷ ተሻሽሏል። አሁን ግን ሁለቱንም ጭኖቿን ያማታል፣ ደረጃ ስትወጣ ትቸገራለች። ለሕመሙ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝታ እየዋጠች ነው። ጎረቤታችን የኮሌስትሮልና የድብርት መድኃኒት አብረው አይወሰዱም አሉን። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ሁለቱንም አቁማ እሱ በሚልክላት ከዕፅዋት በተዘጋጀ እንክብል እንድትተካ ይፈልጋል። የቱን እናቁም?»

ምላሽ፦ አባትዎን ነፍስ ይማር፤ ለእናትዎና ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ። የመድኃኒቶቹን ስም ብቻ ሳይሆን መጠናቸውንና የሚወሰዱበትን ሰዓት ጭምር ስለጻፉልን አመሰግናለሁ፤ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።

አስቸኳዩን ላስቀድም። ዛሬውኑ መቆም ያለበት ዳይክሎፌናኩ ነው። ፍሉኦክሰቲኑ ይቀጥል። የሲምቫስታቲኑ መጠን ግን አብረውት ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ሲታይ ከሚፈቀደው በላይ ስለሆነ፣ ሐኪማቸው በዚህ ሳምንት ውስጥ አይቶ ሊያስተካክለው ይገባል። የእናትዎ ሽንት እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ከመጣባቸው፣ ወይም ከወንበር ለመነሳት ሰው እስኪደግፋቸው ድረስ ከደከሙ ደግሞ አንድ ቀን እንኳን አይጠብቁ፤ ሲምቫስታቲኑን በዚያው ቀን አቁመው ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ወንድምዎ የሚልኩት እንክብል ከመጣም ሳይከፈት ይቀመጥ፤ ምክንያቱን በኋላ እነግርዎታለሁ።

«አብረውት ከሚወስዱት መድኃኒት» ስል የደም ግፊቱን መድኃኒት ማለቴ ነው። ቤተሰብ ሁለት መድኃኒቶችን ጠርጥሮ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚሄደው ስሙ ያልተነሣው ሦስተኛው ላይ ነው፤ እዚህም ዋናው ግጭት በሲምቫስታቲንና በአምሎዲፒን መካከል ያለው ነው።

ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች፣ የመጀመሪያቸው ሎቫስታቲን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ከተፈቀደ ወዲህ በርከት ብለዋል፤ ሁሉም ግን ከሰውነት የሚወገዱት በአንድ መንገድ አይደለም። ሲምቫስታቲን፣ ሎቫስታቲንና አቶርቫስታቲን በአንጀትና በጉበት ውስጥ ባለ ሳይፕ 3ኤ4 በሚባል ኢንዛይም ይብላላሉ። ፍሉቫስታቲን በአብዛኛው ሳይፕ 2ሲ9 በሚባለው በኩል ያልፋል። ሮሱቫስታቲን፣ ፕራቫስታቲንና ፒታቫስታቲን የእነዚህን ኢንዛይሞች ደጅ ብዙም አይረግጡም። ሳይፕ 3ኤ4ን እንደ አንድ የሰፈር ወፍጮ ቤት ይቁጠሩት፤ ብዙ ኩንታል ይዞ የቀደመ ሰው ካለ ከኋላ የመጣው እህሉ ሳይፈጭ ይመሽበታል። መድኃኒትም እንዲሁ ሳይብላላ ሲቀር ደም ውስጥ ይከማቻል።

ሲምቫስታቲን ከሌሎቹ ይበልጥ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ከተዋጠው ውስጥ በሚሠራ መልኩ ወደ አጠቃላይ የደም ዝውውር የሚደርሰው ከመቶ አምስት እጅ እንኳን አይሞላም፤ የቀረው ገና በመጀመሪያው ዙር አንጀትና ጉበት ላይ ተጣርቶ ይቀራል። ይህን ማጣሪያ የሚያዳክም ነገር ሲመጣ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። የሚጨምረው መድኃኒት ደግሞ ኮሌስትሮሉን በዚያው ልክ አያወርድም፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ጡንቻ ላይ ነው።

አምሎዲፒን በደም ውስጥ ያለውን ሲምቫስታቲን ወደ 1.8 እጥፍ ከፍ ያደርገዋል። 40 ሚሊ ግራም የሚውጡት እናትዎ ሰውነታቸው በግምት 70 እንደዋጠ ሊቆጥረው ይችላል ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ሲምቫስታቲን እንዳይወስድ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ውሳኔ 80 ሚሊ ግራም ሲምቫስታቲን ለአዲስ ታካሚ እንዳይጀመር ተከልክሏል። ለሌሎቹ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች፣ ለዲልቲያዜምና ለቬራፓሚል፣ ገደቡ ከዚህም ዝቅ ብሎ 10 ሚሊ ግራም ነው። አምሎዲፒንና ሲምቫስታቲን ሁለቱም በሰፊው የሚታዘዙ በመሆናቸው አብረው መገኘታቸው እምብዛም ማንንም አያስደነግጥም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የደም ግፊቱን አንዱ ክሊኒክ፣ ኮሌስትሮሉን ሌላው ክሊኒክ ሲያዝ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ይጠፋል።

ፍሉኦክሰቲንስ? ጠንክሮ የሚያግደው ሳይፕ 2ዲ6 የሚባለውን ኢንዛይም ሲሆን ሲምቫስታቲን በዚያ በኩል አያልፍም። በሳይፕ 3ኤ4 ላይ ያለው ጫና ደካማ ነው። ስለዚህ ጎረቤታችሁ እንዳሉት «አብረው አይወሰዱም» የሚያሰኝ ነገር የለም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ፦ የጭኑ ሕመም የጀመረው ፍሉኦክሰቲኑ ከመታዘዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሲምቫስታቲኑና አምሎዲፒኑ ለዓመታት ያለ ሕመም አብረው ከተወሰዱና ሕመሙ በቅርቡ ብቻ ከመጣ፣ ከሁለቱ መድኃኒቶች ሌላ ምን እንደተለወጠ መፈለግ ግድ ይሆናል። እናትዎ ምግብ እምቢ ብለው ከርመዋል፤ ክብደት ከቀነሱ ያው 40 ሚሊ ግራም ለቀለለ ሰውነት በዝቷል ማለት ነው። ዕድሜ የገፋች፣ ሴት፣ ቀጭን፣ ኩላሊቷ የደከመ ታካሚ ከሌላው ሰው ይልቅ ለጡንቻ ጉዳት የተጋለጠች ናት።

የጎረቤታችሁ ስጋት ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለ ኔፋዞዶን የሚባል የድብርት መድኃኒት ሳይፕ 3ኤ4ን በኃይል ያግድ ነበር። ከሲምቫስታቲን ጋር ሲወሰድ ጡንቻን እስከ ማሟሟት ስለሚያደርስ አብረው እንዳይታዘዙ ተከልክሏል፤ በኋላም ጉበት ላይ በሚያደርሰው ከባድ ጉዳት የተነሣ ከብዙ አገሮች ገበያ ወጥቷል። ዛሬ ካሉት ውስጥ በዚህ በኩል ጥንቃቄ የሚፈልገው ፍሉቮክሳሚን ነው፤ 3ኤ4ንም 2ሲ9ንም በመጠኑ ስለሚጫን ከሲምቫስታቲን፣ ከሎቫስታቲንና ከፍሉቫስታቲን ጋር ሲታዘዝ ሐኪሙ ቢያስብበት ይሻላል። ስሙ ከፍሉኦክሰቲን ጋር ስለሚመሳሰል ማሸጊያውን በደንብ ያንብቡ። ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራምና ኤስሲታሎፕራም ከስታቲኖች ጋር ያላቸው ግጭት ይህ ነው የሚባል አይደለም።

ከኢንዛይም ጋር ያልተያያዘ አንድ ግኝት እዚህ ላይ መጥቀስ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ መድኃኒት ጉዳት የተላኩ ሪፖርቶችን በኮምፒውተር ሲያበጥሩ፣ ፓሮክሰቲን የሚባለው የድብርት መድኃኒትና ፕራቫስታቲን ለየብቻ ሲወሰዱ የማያሳዩትን አብረው ሲወሰዱ እንደሚያሳዩ አገኙ፤ የደም ስኳር ይጨምራል። ከዚያ የሆስፒታል መዝገቦችን ሲያመሳክሩ ጭማሪው በአማካይ 19 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ የስኳር ሕመም ባለባቸው ላይ ደግሞ 48 ሆነ። ሁለቱን አጣምሮ የሚወስድ የስኳር ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኳሩን ደጋግሞ ቢለካ መልካም ነው። እናትዎን ይህ አይመለከታቸውም።

አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ደግሞ ከስታቲኑ ጋር ሳይጋጩ ሥራውን ያከብዱበታል። ሚርታዛፒን የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብም ከፍ ያደርጋል። ቬንላፋክሲን ኮሌስትሮልን ሊጨምር ይችላል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። አሚትሪፕቲሊንም ክብደት ይጨምራል፤ በቅርቡ የልብ ድካም (ሃርት አታክ) ለደረሰበት ሰውማ ጨርሶ አይሰጥም። ስለዚህ ኮሌስትሮሉ «መድኃኒቱን እየዋጥኩ አልወርድ አለኝ» የሚል ታካሚ ካለ፣ ስታቲኑን ከመጨመር በፊት የሚወስደው የድብርት መድኃኒት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ እናትዎ ጭን ልመለስ። ስታቲን የሚወስድ ሰው ሁሉ ሕመም ሲሰማው ጥፋቱ የስታቲኑ ነው ማለት አይደለም። ለንደን የሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ በስታቲን ሕመም ምክንያት መድኃኒቱን ትተው የነበሩ 60 ሰዎችን አንድ ወር እውነተኛውን ስታቲን፣ ሌላ ወር ምንም የሌለበትን ተመሳሳይ ኪኒን፣ ሌላ ወር ደግሞ ምንም ሳይሰጡ ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ውጤት እንደሚያሳየው፣ በስታቲኑ ወራት ከተሰማው ሕመም 90 ከመቶ ያህሉ በባዶውም ኪኒን ወራት ተሰምቷል። በብዙ ሺሕ ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ እ.ኤ.አ. የ2022 ትንታኔም ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ ስታቲን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ከሚነገሩት የጡንቻ ሕመሞች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በስታቲኑ የመጡ አልነበሩም። ጡንቻን እስከ መሟሟት የሚያደርሰው ከባድ ጉዳት እጅግ ብርቅ ነው።

ይህን የምለው የእናትዎን ሕመም ለማቃለል አይደለም። ሕመሙ በሁለቱም ጭን እኩል መሆኑ፣ ደረጃ መውጣት ማስቸገሩና የሲምቫስታቲኑ መጠን ከአምሎዲፒን ጋር ከልክ በላይ መሆኑ አንድ ላይ ሲታዩ፣ ስታቲኑን ዋና ተጠርጣሪ ያደርጉታል። ለዚህም ክሬአቲን ካይኔዝ ወይም በአጭሩ ሲኬ የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዝላቸው። ውጤቱ ከጤናማው ጣሪያ ከ10 እጥፍ በላይ ከሆነ ስታቲኑ ወዲያው ይቆማል፣ ኩላሊታቸውም ይመረመራል። ከዚያ በታች ሆኖ ሕመሙ የሚያስቸግር ከሆነ ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት አቋርጦ ያያል፤ ሕመሙ ከለቀቀ በሌላ ስታቲን በትንሽ መጠን ይጀምራል።

ሌላ አንድ ምርመራ አለ፤ እኔ ብሆን ከሲኬውም እኩል የምጠይቀው። የታይሮይድ ዕጢ መድከም ነው፤ ምርመራው ቲኤስኤች ይባላል። ታይሮይድ ሲደክም ኮሌስትሮል ይጨምራል። ሰውየው ይደክመዋል፣ ስሜቱ ይጨፈግጋል፣ ነገር ሁሉ ያስጠላዋል፤ ከድብርት ለመለየትም ያስቸግራል። ጡንቻ ያማል፣ ይዝላል፤ ስታቲን ሲጨመርበት ደግሞ ለጡንቻ ጉዳት በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። አስተውለው ይመልከቱ፦ የእናትዎ ሦስቱም ችግሮች፣ ኮሌስትሮሉም፣ ድብርቱም፣ የጭኑም ሕመም፣ ከአንድ ሥር ሊወጡ የሚችሉበት ዕድል አለ። አባትዎን ማጣታቸው ለድብርቱ በቂ ምክንያት ነውና ታይሮይዱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአገራችን በአዮዲን እጥረት የሚመጣ የታይሮይድ ሕመም የቆየ ችግር ነው፤ በተለይ ሴቶችን ይጎዳል። በአንድ ስርንጅ ደም የሚታወቅን ነገር ሳይጠይቁ ለዓመታት ሁለት መድኃኒት መዋጥ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። እናትዎ ብርድ አልችል ካሉ፣ ድምፃቸው ከጎረነነ፣ ቆዳቸው ከደረቀ፣ አንገታቸው ላይ እብጠት ካለ ወይም ሆድ ድርቀት ካስቸገራቸው ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የሽንት መድኃኒት ለግፊት የሚወስዱ አንባቢዎች አንድ ነገር ይወቁ፦ ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቹ ከእሱ ጋር ሲጣመሩ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፣ በደም ያለውን ሶድየም ያወርዳሉ። ይህም ድካም፣ የጡንቻ መዛልና ግራ መጋባት ያመጣል።

አሁን ወደ ዳይክሎፌናኩ። ከጻፉልኝ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው፤ ከኮሌስትሮሉና ከድብርቱ መድኃኒት ግንኙነት ይልቅ ዛሬ ማታ እናትዎን ሊጎዳ የሚችለው እሱ ነውና። አርጊ ሕዋሳት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት፣ ለመያያዝ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ይጠቀማሉ፤ ሴሮቶኒኑን ራሳቸው አይሠሩም፣ ከደም ውስጥ ስበው ያከማቻሉ እንጂ። ፍሉኦክሰቲን ይህን መሳብ ያግዳል። አስፒሪን በሌላ በኩል እነዚያኑ ሕዋሳት ያዳክማል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ የጨጓራን መከላከያ ልባስ ይሸረሽራል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ የጨጓራ መድማት አደጋ ይከማቻል። ዳይክሎፌናክ በዚያ ላይ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትን ይጫናል። እናትዎ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እንደሆነ ዛሬ ይጠይቋቸው። አዎ ካሉ፣ ወይም ቡና የመሰለ ነገር ካስመለሳቸው፣ ወይም ሲቆሙ ዓይናቸው ከጨለመ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃቸዋል፤ በቀን ከ3 ግራም አይለፉ። አይቡፕሮፌንም ከዳይክሎፌናክ የተለየ መፍትሔ አይደለም።

አስፒሪኑንም ሐኪሙን ይጠይቁበት። ከዚህ በፊት የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ደርሶባቸው ከሆነ፣ ወይም የልብ ደም ሥር ተከፍቶ መደገፊያ ገብቶላቸው ከሆነ አስፒሪኑ ያስፈልጋቸዋል፤ እንዳያቆሙት። ምንም ሳይደርስባቸው «ለልብ ይጠቅማል» ተብሎ ብቻ የተጀመረ ከሆነ ግን፣ በ63 ዓመት ዕድሜ የሚያደማው ከሚጠቅመው ሊበልጥ ይችላል። መቀጠል ካለበት ጨጓራቸውን የሚጠብቅ መድኃኒት እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ። እዚህ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ክሎፒዶግሬል የሚወስዱ ሰዎች ይጠንቀቁ፤ ይህ መድኃኒት መሥራት የሚጀምረው ሳይፕ 2ሲ19 በሚባል ኢንዛይም ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ፍሉኦክሰቲን፣ ፍሉቮክሳሚንና ኦሜፕራዞል ደግሞ ይህን ኢንዛይም ያግዳሉ። ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠውን ሜቶፕሮሎል የሚወስዱም እንዲሁ፤ ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን መጠኑን በደም ውስጥ ስለሚጨምሩት የልብ ምት ከልክ በላይ ሊዘገይ ይችላል።

ሲምቫስታቲን እስካልተቀየረ ድረስ እናትዎ ሊያውቁት የሚገባ ሌላ አደጋም አለ። አገራችን ውስጥ ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው የ14 ቀን ሕክምና ብዙውን ጊዜ ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አለበት። ክላሪትሮማይሲን ሳይፕ 3ኤ4ን በኃይል ስለሚያግድ ደም ውስጥ ያለውን ሲምቫስታቲን ብዙ እጥፍ ያደርገዋል፤ ሕክምናው እስኪያልቅ ሁለቱ አብረው መወሰድ የለባቸውም። ኤሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ እንዲሁም የፈንገስ መድኃኒቶቹ ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞልም ከዚሁ ወገን ናቸው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሆኑት ውስጥ ሪቶናቪር ያለበት ማንኛውም ጥምረት ከሲምቫስታቲን ጋር ክልክል ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ኢንዛይሙን ያነቃቃል፤ ስታቲኑም አንዳንዶቹ የድብርት መድኃኒቶችም ሳይሠሩ ይጠፋሉ።

ስለ ኢትዮጵያውያን በተለይ የሚታወቅ ነገር አለ፤ ይህን የሚያውቅ ሐኪም መጠን ሲወስን ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ፣ 29 በመቶ የሚሆኑት የሳይፕ 2ዲ6 ዘረ መል ከመደበኛው በላይ በርከት ያለ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። በሰሜን አውሮፓ ይህ ከመቶ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነው። ስለዚህ በዚሁ ኢንዛይም የሚወገደው አሚትሪፕቲሊን በተለመደው መጠን ምንም ያልረዳው ወገናችን «መድኃኒቱን በደንብ አይወስድም» ተብሎ ከመጠርጠሩ በፊት ሰውነቱ ቶሎ እያስወገደው ሊሆን እንደሚችል ይታሰብለት። እዚሁ አገር ውስጥ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ጫት ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያግድ ታይቷል። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጫት ከቃመ ይህን ሳያፍር ለሐኪሙ ቢናገር ይሻለዋል። ስታቲኖቹ ግን በዚህ ኢንዛይም በኩል ስለማያልፉ በዚህ አይነኩም።

ምናልባት «ኮሌስትሮል ማውረዱ ራሱ ድብርት አያመጣም ወይ?» ብለው ያስቡ ይሆናል፤ ብዙዎች ይጠይቁኛል። እስካሁን ያለው ማስረጃ ይህን አይደግፍም። ዴንማርክ ውስጥ ከ870,000 በላይ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድብርት መድኃኒት ተጠቃሚዎችን መዝገብ የመረመረ እ.ኤ.አ. የ2016 ጥናት፣ ስታቲን አብረው የወሰዱት በአእምሮ ሕመም ምክንያት ወደ ሆስፒታል የመሄዳቸው ዕድል እንዲያውም አነስተኛ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ተስፋ ሰጥቶ ሲምቫስታቲን ለድብርት ሕክምና ተጨማሪ ሆኖ ተሞከረ። በፓኪስታን 150 ታካሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሙከራም፣ በጀርመን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውም ለድብርቱ የጨመረው ጥቅም እንደሌለ አሳዩ። ስለዚህ ስታቲን ድብርት አያመጣም፤ አያድንምም። የሚወሰደው ለልብና ለአንጎል ደም ሥር ነው፤ እዚያም የሚሠራው ሥራ ትልቅ ነው። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በ39 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲወርድ የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋ በአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ «ስታቲን አልስማማኝም» ተብሎ ለዘለዓለም ከመተው በፊት ሌላ ስታቲን መሞከር ይገባል።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ እንግዲህ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ሲኬና ቲኤስኤች፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የደም ሶድየም፣ ከዚያም የስታቲኑ መቀየር። እኔ በሲምቫስታቲን 20 ከመወሰን ይልቅ ወደ አቶርቫስታቲን ወይም ወደ ሮሱቫስታቲን መዞሩን እመርጣለሁ። 20 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን ወይም 5 ሚሊ ግራም ሮሱቫስታቲን ከ40ው ሲምቫስታቲን ጋር ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል። አምሎዲፒን አቶርቫስታቲንን የሚጨምረው እምብዛም ለጉዳት በማይሰጥ መጠን ነው፤ ሮሱቫስታቲን ደግሞ በዚያ ኢንዛይም በኩል ብዙም አያልፍም። ሁለቱም በማንኛውም ሰዓት ሊወሰዱ ስለሚችሉ፣ ማታ መርሳት የለመደ ሰው ከጠዋት መድኃኒቱ ጋር ሊያደርጋቸው ይችላል። በጾም ወራትም ሰዓቱ ይዛወራል እንጂ መድኃኒቱ አይዘለልም።

ፍሉኦክሰቲኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንዎት። እናትዎ በሁለተኛው ወር መሻል ጀምረዋል፤ መድኃኒቱ የሚሠራውም በዚህ ፍጥነት ነው። ብዙ ቤተሰብ ልክ እዚህ ነጥብ ላይ «ተሽሏታል እንግዲህ ይበቃታል» ብሎ ያቆማል፤ ወይም ወደ ጠበል ሲኬድ መድኃኒቱ ቤት ይቀራል። ጠበሉም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱም ይወሰድ። ከተሻላቸው በኋላ ቢያንስ 6 ወር ሊቀጥል ይገባዋል፤ ሲቆምም ሐኪሙ በሚያወጣው መርሐ ግብር ነው።

በመጨረሻ የወንድምዎ እንክብሎች። ከአሜሪካ ከዕፅዋት የተዘጋጀ ተብሎ ለድብርት የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል ቢጫ አበባ ነው፤ ለኮሌስትሮል የሚላከው ደግሞ ሬድ ይስት ራይስ፣ ማለትም ቀይ ሻጋታ የበቀለበት ሩዝ ነው። የመጀመሪያው ከፍሉኦክሰቲን ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ይከማችና መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ መቅበጥበጥ ሊያስከትል ይችላል። ፍሉኦክሰቲኑን ዛሬ አቁሞ ነገ እሱን መጀመርም አያድንም፤ ፍሉኦክሰቲንና ከእሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅባቸዋልና። በተጨማሪም ሳይፕ 3ኤ4ን ስለሚያነቃቃ ሲምቫስታቲንንና አቶርቫስታቲንን ያዳክማል። ሁለተኛው ውስጥ ያለው ሞናኮሊን ኬ የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ በኬሚስትሪው ራሱ ሎቫስታቲን ነው። በ3ኤ4 በኩል ያልፋል፣ ጡንቻ ያማል፣ ከክላሪትሮማይሲን ጋር ይጋጫል፤ ልዩነቱ በአንዱ እንክብል ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በእርግጠኝነት አለመታወቁ ነው። ወንድምዎ ለእናታቸው ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። ያንን ገንዘብ ለእንክብል ሳይሆን ከላይ ለዘረዘርኳቸው የደም ምርመራዎች ይላኩ፤ ውጤቶቹ ሲመጡም ቁጥሮቹን ከጤናማው ወሰን ጋር አብረው ይጻፉልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።